ጉደር ደረስሽ?

ከአምቦ መናኸሪያ የወጣ አባዱላ ጉደር ለመድረስ ሃያ ደቂቃ ይበቃዋል። ዝናብ ካለ ሃያ አምስት። ሹፌሩ መንገድ ላይ ሰው እየለቀመ የሚሄድ ዓይነት ከሆነ ሠላሳ። ከሠላሳ ካለፈ ልጄ ሞታለች ማለት ነው። አትሳቁብኝ፤ አራት ዓመት ሙሉ የኖርኩት በእንዲህ ዓይነት ሂሳብ ነው።

እንቁ እባላለሁ። አምቦ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሬኮርድ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። የተማሪ ፋይል ጠፋ ሲባል የምጠራው እኔ ነኝ፤ ፈልጌ ያጣሁት ፋይል የለም። እንጀራዬ ነገር ሁሉ በቦታው መኖሩን ማረጋገጥ ነው። ልጄን ጃለኔን ግን መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ አይቻልም። ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። ነቀምቴ አዋላጅ ነርስነት ተምራ ጨረሰችና በ2011 ዓ.ም. መስከረም ላይ ከጉደር ማዶ፣ ጌዶ ተመደበች። ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ እያለ ሲስመኝ፣ እኔ በሆዴ በአምቦና በጌዶ መካከል ያሉትን መታጠፊያዎች እቆጥር ነበር።

ዓርብ ከሰዓት ትመጣለች፣ ሰኞ ጠዋት ትመለሳለች። በመካከላችን ሕግ ነበር፤ ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። መኪናው ሲነሳ "ተነሳን" ትለኛለች። ጉደር ስትደርስ ትደውላለች። ጌዶ ስትገባ ትደውላለች። ካልደወለች እኔ እደውላለሁ፤ ካላነሳች ደግሜ እደውላለሁ። መናኸሪያ ስሸኛት የመኪናውን ታርጋ እጽፋለሁ፣ የሹፌሩን ስልክ እቀበላለሁ። እኛ ዘንድ ይሄን የሚያደርግ ሰው ሞልቷል፤ እንደ በሽታ የሚያየው የለም። "እናት አይደለሽ!" ይሉኛል። እኔም እናት ነኝ እያልኩ፣ ልቤ ደረቴን ሲደበድበው፣ ጣቶቼ ሲደነዝዙ፣ ሆዴ ሲገለባበጥ ዝም ብዬ እኖራለሁ። የልብ ሐኪም ልብሽ ጤነኛ ነው አለኝ። ጎረቤቶቼ ጨጓራ ነው አሉኝ። ስንት ጆግ ተልባ እንደጠጣሁ ፈጣሪ ይወቀው።

የፍርሃቴን ምክንያት ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር። ባለቤቴ ጉተማ የደን ባለሙያ ነበር። በ2007 ጥር ላይ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ከጭልሞ ደን በሞተር ሲመለስ ጊንጪ አጠገብ አይሱዙ ገጨው። እኔ የዚያን ቀን የአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ ነበርኩ። ስልኬ ቦርሳ ውስጥ፣ ቦርሳዬ ወንበር ላይ፣ እኔ ጭፈራው መሀል። ቀኑን ሙሉ ጉተማ የት ደረሰ ብዬ አንዴ እንኳን አላሰብኩም። ሊያረዱኝ የመጡት ሰዎች ያገኙኝ እየሳቅኩ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልቤ አንድ ነገር ያዘ፦ እኔ ሳልፈራ የዋልኩ ቀን ሰው ይሞትብኛል። ስለዚህ ፈራሁ። አንድም ቀን ሳላጓድል ፈራሁ። ጃለኔን በሕይወት ያቆያት የእኔ ፍርሃት ነው ብዬ አምን ነበር።

በዚያው ዓመት ግንቦት ውስጥ አንድ ሰኞ ጠዋት ይዘንብ ነበር። ጃለኔን ያሳፈርኩበት መኪና ሹፌር ኦቦ በድሉ ይባላል፤ ሃምሳዎቹን ያጋመሰ፣ ረጋ ያለ ሰው። ስልኩን ስጠይቀው "ወይዘሮ፣ ሰው የእኔን ቁጥር የሚፈልገው ዕቃ ረስቶ ሲወርድ ነው" ብሎ ሳቀና ሰጠኝ። ጃለኔ በመስኮቱ በኩል ዓይኗን አጉረጠረጠችብኝ። አፍራብኛለች፤ አውቃለሁ። ታፍርብኝ፣ ብቻ ትኑርልኝ አልኩ።

አንድ ሰዓት ላይ ተነሱ። ቢሮ ገብቼ ፋይል ከፈትኩ፤ ዓይኔ ግን ግድግዳው ሰዓት ላይ ነው። አንድ ከሃያ ሆነ። አንድ ከሃያ አምስት። አንድ ተኩል። ስደውልላት ያቺ የቴሌ ሴትዮ በዚያ በማይቸኩል ድምጿ ላገኛት እንደማልችል ነገረችኝ። ስልኳ ጠፍቷል። ባትሪ አልቆ ይሆናል ብሎ ማሰብ እኔ ዘንድ አልተፈጠረም። የታየኝ መኪናው ገደል ውስጥ ተገልብጦ፣ የጃለኔ ሰማያዊ ሹራብ ጭቃ ላይ ነው። ለኦቦ በድሉ ደወልኩ። አላነሳም። ደገምኩ። ሠለስኩ። አምስተኛው ላይ አነሳው።

"ሃሎ?"

"ኦቦ በድሉ፣ ልጄ አለች? ጃለኔ የምትባለው..."

መጀመሪያ ጥሩምባ ሰማሁ። ቀጥሎ ፍሬን። ቀጥሎ ሰዎች አንድ ላይ ሲጮሁ። ስልኩ የሆነ ነገር ላይ ወድቆ ተንከባለለ፤ መስመሩ ግን አልተቋረጠም። ዝናቡ የመኪናው ጣሪያ ላይ ሲወርድ ይሰማኛል። አንዲት ሴት "ያ ዋቃዮ! ያ ዋቃዮ!" እያለች አምላኳን ትጠራለች። "ጃለኔ!" ብዬ ጮህኩ። የመለሰልኝ የለም። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

ቀጥሎ ባሉት አርባ ደቂቃዎች ምን እንደሆንኩ በደንብ ልነግራችሁ አልችልም። ወለል ላይ ተቀምጬ፣ ጀርባዬን ለመደርደሪያው ሰጥቼ፣ ስልኩን በሁለት እጄ ጨብጬ ነበር። ስንት ጊዜ እንደደወልኩ ስልኩ ነው የሚያውቀው። ከሁለት ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ።

"እማ፣ ለሹፌሩ የደወልሽው አንቺ ነሽ?"

"ደህና ነሽ? ተጎዳሽ? የት ጋ ነሽ?"

"መልሺልኝ። አንቺ ነሽ?"

"አዎ።"

በኋላ እንደሰማሁት፣ ኦቦ በድሉ ስልኩ አምስት ጊዜ ሲጮህበት ቤቱ ሰው የሞተ መስሎታል። ጉደር መግቢያ ያለውን ቁልቁለት እየወረደ በአንድ እጁ አነሳው። ዓይኑን ከመንገዱ ያነሳው ለአፍታ ነው፤ ቀና ሲል ከፊቱ እንጨት የጫነች አህያ። እሷን ሊያድን ሲል የፊት ጎማው ቦይ ውስጥ ገባ። ከአንዲት ሴት ግንባር ማበጥ በቀር የተጎዳ ሰው የለም። ሃያ እርምጃ አለፍ ብሎ ቢሆን ግን ቦዩ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ገደል ነው።

"ስሜ ከስልኩ ሲወጣ ሰው ሁሉ ሰምቷል" አለችኝ ጃለኔ። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም፤ የባሰ ያስፈራኝ እሱ ነው። "ሴትየዋ ግንባሯን ይዛ 'ጃለኔ ማን ናት?' ስትል እኔ ነኝ አልኩ። እማ፣ እኔን የሚገድለኝ መንገዱ አይደለም። አንቺ ነሽ። ይሄን ነገር እስክትታከሚ ድረስ ቤት አልመጣም።"

ዘጋችው። የዚያን ሳምንት ዓርብ አልመጣችም። በቀጣዩም ቀረች። ስደውልላት "ደህና ነኝ" ትልና ትዘጋለች። በሦስተኛው ዓርብ፣ አልጋዋን አንጥፌ፣ ምሳዋን ከድኜ እስኪመሽ ጠበቅኳት። ልጄን ከቤት ያስቀራት ሞት ሳይሆን እኔው ራሴ መሆኔ ያን ዕለት ገባኝ። ተናደድኩ፤ መጀመሪያ በእሷ፣ ቆይቶ በራሴ።

ሰኞ ጠዋት ሆስፒታል ሄድኩ። የአእምሮ ሕክምናው ክፍል በር ካርድ ከሚወጣበት ወረፋ ፊት ለፊት ነው፤ ከተማው ሁሉ ቆሞ ያይሃል። ይሄን ያሰበው ማን ይሆን እያልኩ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ገባሁ። ውስጥ ተቀምጦ የጠበቀኝ ነርስ ዋቅጋሪ ነው፤ የእኛው ትምህርት ቤት ልጅ። የዘጠነኛ ክፍል የሒሳብ ውጤቱ እስካሁን ትዝ ይለኛል፤ የሚያኮራ አልነበረም። እሱ ሊያክመኝ!

"አዴ እንቁ፣ ይቀመጡ" አለኝ እንደ እናት አክብሮ ተነስቶ። ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና "ይሄ ፍርሃት ምን ይሠራልዎታል?" ብሎ ጠየቀኝ።

ቱግ አልኩ። "ምን ይሠራልኛል? ይገድለኛል እንጂ! እንቅልፍ የለኝ፣ እህል አይወርድልኝ..."

"አውቃለሁ። ግን ሰው የማይጠቅመውን ነገር አራት ዓመት ሙሉ አቅፎ አይኖርም። የሆነ ሥራ ሰጥተውታል።"

"ልጄን ይጠብቅልኛል!" ብዬ ጮህኩበት።

ከአፌ ሲወጣ እኔም ሰማሁት። ውጭ የካርድ ወረፋው ላይ ሰዎች ሲነታረኩ ይሰማል።

"ያን ሰኞ ጠበቃት?" አለኝ ቀስ ብሎ።

ተነስቼ ልሄድ ነበር፤ መልሼ ተቀመጥኩ። የጉተማን ነገር፣ ሠርጉን፣ ሳቄን ሁሉ ዘረገፍኩት። እያለቀስኩ ስለነበር ግማሹን የሰማኝ አይመስለኝም። ሰምቶኛል ግን።

"እሺ፤ ያን ቀን ፈርተው ውለው ቢሆን ኖሮ ምን ያደርጉ ነበር?"

"እደውልለት ነበር።"

"ሞተር እየነዳ?"

በእነዚያ ዓመታት ያን ቅዳሜ በሐሳቤ ሺህ ጊዜ ስመላለስበት እዚህ ጥያቄ ላይ ደርሼ አላውቅም። ብደውልለት በአንድ እጁ ያነሳው ነበር፤ ጉተማ የእኔን ስልክ ሳያነሳ ቀርቶ አያውቅም። ጉተማ የሞተው እኔ ስለሳቅኩ አይደለም። አይሱዙ ስለገጨው ነው። ለሌላ ሰው ይሄ ግልጽ ነው፤ ለእኔ ግን አልነበረም። በቀብሩ ዕለት እንኳን እንዲያ አላለቀስኩም።

"ልብዎ ሲመታ 'ጃለኔ አደጋ ላይ ናት' እያለዎት አይደለም" አለኝ ዋቅጋሪ፣ ከተረጋጋሁ በኋላ። "'ፈርተሻል' ብቻ ነው የሚለው። የቀረውን የሚጨምሩት እርስዎ ነዎት። ሲመጣ አይታገሉት፤ አይደውሉ፣ አያረጋግጡ። ፍርሃት ነው ብለው አብረውት ይቀመጡ። ይወጣል፣ ይወጣል፣ ከዚያ ይወርዳል።"

"የሚወርደው ድምጿን ስሰማ ነው።"

"ሳይሰሙስ? ሞክረው ያውቃሉ?"

ሞክሬ አላውቅም ነበር።

ከትንሹ ጀመርኩ። በር መቆለፌን ለማየት ሦስት ጊዜ የምመለሰው ሴትዮ አንዴ ቆልፌ ልሄድ ወሰንኩ። በመጀመሪያው ቀን ግማሽ መንገድ ላይ ተሸንፌ እየሮጥኩ ተመለስኩ፤ በሩ ተቆልፏል። በማግስቱም ተመለስኩ። በሦስተኛው ቀን እየተንቀጠቀጥኩ ቢሮ ደረስኩ። ዋቅጋሪን በየሳምንቱ እየሄድኩ እሰድበዋለሁ፣ እሱም እየሳቀ ሌላ ሥራ ይሰጠኛል። እንዲህ እንዲህ እያልን ሰኔ ሊያልቅ ሲል ለጃለኔ ደወልኩና፣ አባቷ የሞተ ቀን እኔ ምን ላይ እንደነበርኩ ነገርኳት።

"ዓርብ እመጣለሁ" አለችኝ። "ግን ስነሳ አልደውልም፤ ጉደርም ስደርስ አልደውልም። አንቺም አትደውዪ። ከደወልሽ ከደረስኩበት ወርጄ እመለሳለሁ።"

"እሺ" አልኩ። እሺ ማለት ቀላል ነው።

ዓርብ ስምንት ሰዓት ላይ ከጌዶ እንደምትነሳ አውቃለሁ። አሥር ሰዓት ሳይሞላ ቤት መግባት አለባት። ጎረቤቴ ጋዲሴ ነገሩን ስለምታውቅ አብራኝ ልትቀመጥ መጣች። ጎመን ይዘን ተቀመጥን፤ እሷ ትቀነጥሳለች፣ እኔ እከትፋለሁ። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ነው።

"ስጪኝ፣ እኔ ልያዝልሽ" አለች ጋዲሴ።

"ተዪው። ስልክ ተነጥቄ ያልደወልኩት፣ አልደወልኩም አይባልም።"

"አቤት ግትርነትሽ!"

እስከ ዘጠኝ ተኩል ደህና ነበርኩ። ከዚያ ሰማዩ ጠቆረ። አሥር ሰዓት ሆነ፤ የለችም። አሥር ከሩብ ሆነ፤ የለችም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠው ጀመር። ያው መጣ። ልቤ፣ ጣቶቼ። መኪናው ገደል ውስጥ፣ ሰማያዊው ሹራብ። እጄ ሳላዘው ወደ ስልኩ ሄደ፤ መለስኩት።

"ፈርተሻል" አልኩ ጮክ ብዬ።

"እኔ ምን አስፈራኝ?" አለች ጋዲሴ ደንግጣ።

"አንቺን አይደለም። ራሴን ነው።"

አልወረደም። እንዲያውም ጨመረ። አሥር ከሃያ አምስት ላይ ከሁሉ የከፋው ሐሳብ መጣ፦ ጉተማ የሞተ ቀንም እንዲህ ተዝናንተሽ ተቀምጠሽ ነበር አለኝ። ቢላዬን አስቀመጥኩ፤ እጄን ልቆርጥ ነው። ሳቄ አልገደለውም፣ ፍርሃቴም አላዳናትም አልኩ በልቤ። ደግሜ አልኩት። ላቤ ይወርዳል። ጋዲሴ ጎመኑን ወርውራ ተነሳች።

"ኧረ በቃ ደውዪ! አንዴ ብትደውዪ ምን አለበት? ልትሞቺብኝ ነው እኮ!"

"አልሞትም" አልኳት። እውነቱን ለመናገር እርግጠኛ አልነበርኩም።

ስልኩ እዚያው ነው፤ አንድ ቁጥር ተጭኜ ልገላገል እችላለሁ። አልተጫንኩም። ቁጭ ብዬ ተደበደብኩ። ከዚያ፣ በየትኛው ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም፣ ትንፋሼ ሆዴ ድረስ ገባ። ጣቶቼ ሙቀት ተሰማቸው። ከጃለኔ የመጣ ወሬ የለም፣ ዝናቡ አላባራም፣ ደህና ናት ያለኝም የለም። ፍርሃቱ ግን ወርዷል። ልጄ የት እንዳለች አላውቅም ነበር፤ አለማወቄ ግን አለማወቅ ብቻ ሆነ፣ ሞት አልነበረም። ቢላዬን አንስቼ መክተፌን ቀጠልኩ። ጋዲሴ ያበድኩ መስሏት ታየኝ ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል የግቢው በር በኃይል ተበረገደ። ጃለኔ ናት። እስከ ጉልበቷ ጭቃ፣ ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተለጥፎ፣ አንድ ጫማዋ በእጇ። ደፉ ላይ ቆማ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

"ሃርሜ! ማል ታቴ? ምን ሆነሽ ነው?" በኦሮምኛ "ሃርሜ"፣ እናቴ፣ ብላ የምትጠራኝ ስትደነግጥ ብቻ ነው።

"ምንም አልሆንኩ። ጎመን እየከተፍኩ ነው።"

"ታዲያ ለምን አልደወልሽም?"

"አትደውዪ ብለሽኝ ነዋ!"

"ብልሽስ! መቼ ሰምተሽኝ ታውቂያለሽ?"

ጌዶ ተሳፋሪ ጠፍቶ መኪናው ዘግይቶ ነው የተነሳው። ጉደር ስትደርስ ስልኳን አየችው፤ ከእኔ አንድም ጥሪ የለም። በሕይወቷ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። እማ አንድ ነገር ሆናለች አለች። ወለል ላይ ወድቄ ታየኋት። ለጋዲሴ ደወለች፤ የጋዲሴ ስልክ ቤቷ ቻርጅ ላይ ነው። ሰባት ጊዜ ደወለች።

"ለእኔ አትደውዪም ነበር?" አልኳት።

"ካላነሳሽስ?" አለችኝ። "ካላነሳሽ ምን እሆናለሁ?"

መኪናው ሰው ሊጭን ሲቆም አላስችል ብሏት ወረደችና ባጃጅ ኮንትራት ያዘች። "ፍጠን፣ ፍጠን እያልኩት መጣሁ፣ በዚህ ዝናብ! አንድ መታጠፊያ ላይ ሊገለብጠን ነበር" ስትል ጋዲሴ አፏን ያዘች። እኔ የማየው የጃለኔን እጆች ነው። የሚንቀጠቀጡት እጆች የእኔ እጆች ናቸው። ፍርሃቴን ብቻዬን የተሸከምኩት መስሎኝ ነበር፤ ለካ በየጥሪው ለልጄም እየቆነጠርኩ አካፍያታለሁ። አፈርኩ። ጎትቼ አጠገቤ አስቀመጥኳት።

አየሽኝ አይደል፣ ደህና ነኝ እኮ ልላት አፌ ድረስ መጣ፤ ዋጥኩት። ብላት ለዛሬ ይበርድላታል፤ ሰኞ ግን ያው ቃል እንደገና ያስፈልጋታል።

"ልቤ ሊወጣ ነው" አለች። "አየሁሽ፣ ደህና ነሽ፤ ግን አልቆም አለኝ። ይሄ ምንድነው?"

"ፍርሃት ነው። ሌላ ምንም አይደለም። ተዪው ይምታ፤ ይወርዳል።"

"መቼ?"

"ሰዓቱን አላውቅም። እኔም አሁን ወርዶልኝ ነው ያገኘሽኝ።"

ጋዲሴ ኮቴዋን ሳታሰማ ወጣች። ጃለኔ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ከዚያ ዞር ብላ ፊቴን አየችው፤ እንዲያ አይታኝ አታውቅም።

"እማ፣ በየሰኞው እንዲህ ነበር የምትሆኚው?"

"በየሰኞው። በየዓርቡም።"

"እኔ እኮ የምትቆጣጠሪኝ ነበር የሚመስለኝ" አለችና ማልቀስ ጀመረች። ጭቃ እንደሆነች ራሷን ጭኔ ላይ ጣለች። "አላወቅኩም ነበር። በአባዬ ሞት፣ አላወቅኩም ነበር።"

እርጥብ ፀጉሯን ከፊቷ ላይ እየሰበሰብኩ "እኔም የአንቺን አላውቅም ነበር" አልኳት።